ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፤ እቤት ስለ መመርመርና ስለ መለወጥ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



 ከእኛ በፊት በዚህ ቦታ የቆሙት ተናጋሪዎች ስለ ታሪክ፣ ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ አገር ልማት ነግረውናል። እኛ የመረጥነው ርእስ ግን ከኮፋኖ ሥር የሚገኝ፣ እጅ የሚያቆሽሽና ሽታ ያለው ነገር ነው። አንዳንድ ጓደኞቻችን ርእሱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ባዩ ጊዜ «ይህ የጋራዥ ሰው ሥራ ነው እንጂ ተማሪ ምን አገባው?» ብለው እንደ ሳቁ ሰምተናል። አንቀየማቸውም። እኛም እስከ ባለፈው ክረምት ድረስ እንደ እነርሱ እናስብ ነበርና። ስለዚህ አስቀድመን የደረሰብንን እንናገርና ከዚያ በኋላ ወደ ትምህርቱ እንገባለን።

ባለፈው ክረምት ሦስት ሆነን ከጅማ ወደ ቦንጋ እንጓዝ ነበር። የተሳፈርንባት መኪና፣ ቦንጋ አካባቢ ደካ የሚኖሩ፣ ጋሼ የምንላቸው ጎረቤታችን ንብረት የሆነች አሮጌ አውቶማቲክ ኮሮላ ናት። ጋሼ ባለቤታቸውን ጅማ አሳክመው ይመለሱ ነበር። እትዬ ከፊት ወንበር ላይ በጋቢ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል፤ እኛ ከኋላ ነን። ከጅማ ሳንወጣ «ዘይት ይታይልን» ተብሎ አንድ ጋራዥ ገብተን ነበር። አንድ ልጅ ኮፋኖውን ከፍቶ ዘንግ መዘዘ፣ «ጎድሏል» አለ፣ ከአንድ ሊትር የሚበልጥ የሞተር ዘይት ጨመረና ሸኘን። እኛም ሦስታችን በአጠገቡ ቆመን ስለ ፈተና ውጤት እንጫወት ነበር።

የጎጀብን ድልድይ ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናዋ ግን አትስብም። ቆይቶ የሚያርር ነገር ሸተተን። ዝናብ ነው፤ መሽቷል። አንድ የጭነት መኪና ገመድ አስሮ አራቱም ጎማዎቿ መሬት ላይ እንዳሉ እስከ ቦንጋ ድረስ ጎተተን። እኛም አመስግነን ተቀመጥን። በማግሥቱ ካምቢዮውን የፈታው መካኒክ የተናገረው ሁለት ቃል ነው። ልጁ የሞተሩን ዘይት የጨመረው በካምቢዮው ቀዳዳ ነው። ካምቢዮው ከዚያ በኋላ ሊድን ይችል የነበረውን ያህል ደግሞ ጉተታው ጨርሶታል። የዓመቱ የቡና ገንዘብ በዚያ ሄደ። ጋሼ አልተቆጡንም፤ ነገር ግን «እናንተ የተማራችሁ ልጆች ናችሁ፤ ሁለቱን ዘንጎች አታውቋቸውም ነበር?» ብለው ጠየቁን። የምንመልሰው አልነበረንም። ይህ ንግግር ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

እንግዲህ ወደ ነገሩ እንግባ። ብዙ ሰው ዘይት ማለት ብረት ከብረት ጋር እንዳይፋተግ የሚያለሰልስ ነገር ብቻ ይመስለዋል። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ግን ዘይቱ አራት ሥራ አለው።

1ኛ፤ የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረው እርሱ ነው። ሁለት ቬንቲላተር ፊት ለፊት ብናቆምና አንዱን ብቻ ብናስነሳ፣ ነፋሱ ሁለተኛውን ያዞረዋል። በኮንቨርተሩ ውስጥ የነፋሱን ቦታ የያዘው ዘይቱ ነው። ይህን ብልኃት ሄርማን ፌቲንገር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1905 እ.ኤ.አ. ለመርከብ ሥራ ብሎ ነበር ያወጣው። በብዛት ተሠርቶ ለገበያ የቀረበው አውቶማቲክ ካምቢዮ ደግሞ በ1939 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በኦልድስሞቢል አውቶሞቢል ላይ የወጣው ሃይድራማቲክ የተባለው ነው።

2ኛ፤ ማርሹን የሚለውጠው የዘይቱ ግፊት ነው። በማንዋል መኪና ፍሪሲዮን የሚረግጠው የሾፌሩ እግር ነው። በአውቶማቲክ ግን ዘይቱ በግፊት ገብቶ የፍሪሲዮን ሸራዎቹን አንዴ ይጨብጣቸዋል፣ አንዴ ይለቅቃቸዋል። ስለዚህ ዘይቱ ከጎደለ ወይም አረፋ ከያዘ የሚረግጥ እግር ጠፋ ማለት ነው። በጎጀብ ዳገት ሞተሩ የጮኸው፣ መኪናዋም ያልሳበችው በዚህ ምክንያት ነው።

3ኛ፤ ሙቀት ይሸከማል። በካምቢዮው ውስጥ የሚወለደውን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ማቀዝቀዣ ይወስዳል። ይህ ማቀዝቀዣ በብዙ መኪና ከራዲያቶሩ ጋር አንድ ላይ ነው።

4ኛ፤ ማርሾቹንና ኩሽኔታዎቹን ያለሰልሳል።

እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። ዘይቱ ማርሾቹን ማሟለጭ አለበት፤ ሸራዎቹ በሚጨበጡበት ጊዜ ግን እንዲያሟልጭ አይፈለግም። ሁለቱን ተቃራኒ ሥራ ባንድ ፈሳሽ ለማሠራት ጠበብት ብዙ ደክመዋል። ቀድሞ ለዚህ ሚዛን የዓሣ ነባሪ ዘይት ይጨመርበት ነበር። በአሜሪካ በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ዓሣ ነባሪውን ከመጥፋት ለማዳን ይህ በሕግ ሲከለከል፣ በቤተ ሙከራ በተቀመመ ነገር ተተካ። የሞተር ዘይት ይህ ቅመም የለውም። የሞተር ዘይት ጥሩ ዘይት ነው፤ ቦታው ግን ሞተር ነው።

የዘይቱ ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ኃይል መሆኑንም እንወቅ። ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ስለዚህ አውቶማቲክ መኪና በግፊ አይነሣም። ሞተሩ ጠፍቶ የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ እየዞሩ ከተጎተተ ደግሞ ማርሾቹ ያለ ዘይት ይዞራሉ። በእኛ የደረሰው ይኸው ነው። እንደ ኮሮላ ያለ የፊት ጎማ የሚነዳው መኪና የግድ የሚጎተት ከሆነ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነሥተው ነው፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን በጭነት መኪና ላይ አውጥቶ መውሰድ ነው።

አሁን ስለ ምርመራው እንናገር። በብዙ አሮጌ መኪኖች ኮፋኖውን ስንከፍት ሁለት የዘይት መለኪያ ዘንጎች እናገኛለን። አንዱ የሞተሩ ነው፤ ሌላው የካምቢዮው ነው። በቶዮታዎች የካምቢዮው ዘንግ ላይ ብዙውን ጊዜ የዘይቱ ዐይነት ተቀርጾበታል፤ «የሞቀ» እና «የቀዘቀዘ» የሚሉ ሁለት የልክ ምልክቶችም አሉበት። የሞተሩ ዘንግ እንዲህ ያለ ጽሕፈት የለውም። የቀለም ቆርቆሮ ያለው ሰው የሁለቱን እጀታ በሁለት ቀለም ቢቀባ አንድ ደቂቃ ይፈጅበታል፤ የእኛንም ዐይነት መከራ ያድነዋል።

የምርመራው ሥርዐት እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ መኪናውን ዐሥራ አምስት ወይም ሃያ ደቂቃ ያህል እንነዳለን፤ ዘይት ሲሞቅ ይሰፋልና የቀዘቀዘ ዘይት ጎድሎ ይታያል።

2ኛ፤ በሜዳ ላይ እናቆማለን። ደካም ሆነ ቦንጋ ሜዳ መሬት ውድ ነው፤ ቢሆንም ፈልጉት። ዘንበል ባለ ቦታ የተነበበ ልክ ሐሰተኛ ነው።

3ኛ፤ የእጅ ፍሬን ይዘን፣ የእግር ፍሬን ረግጠን፣ ሞተሩ እየሠራ ማርሹን ከፒ ጀምረን በአር፣ በኤን፣ በዲ፣ እስከ ኤል ድረስ በቀስታ እናሳልፋለን። በያንዳንዱም ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይተን ወደ ፒ እንመልሳለን። ይህም ዘይቱ በየጓዳው እንዲገባ ነው።

4ኛ፤ ሞተሩን ሳናጠፋ ዘንጉን መዝዘን፣ ክር በማይለቅ ንጹሕ ጨርቅ ጠርገን፣ እስከ መጨረሻው መልሰን አስገብተን እንደገና እንመዛለን። በሁለቱም ፊት እናነብባለን፤ ዝቅተኛው ልክ እውነተኛው ነው። ዘይቱ «የሞቀ» በሚለው ምልክት መካከል መገኘት አለበት። በሆንዳ መኪኖች ግን ሥርዐቱ ይለያል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ጠፍቶ ወዲያው ነው የሚነበበው።

የጎደለ ከሆነ በመለኪያው ቀዳዳ በኢምቡቶ ጥቂት በጥቂት እንጨምራለን። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ልዩነት ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሊትር አይሞላም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ከልክ በላይ የሞላ ሰው ማውጣቱ ይቸግረዋል። የበዛ ዘይት በሚዞሩት ማርሾች ይመታና አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አይሸከምም። ስለዚህ የበዛው ጉዳት ከጎደለው ጉዳት አያንስም።

ዘንግ የሌላቸው መኪኖችም አሉ። የአዳዲሶቹ ካምቢዮ ከሥሩ የልክ ብሎን አለው። መኪናው በአራቱም በኩል እኩል ከፍ ብሎ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ በተወሰነ ሙቀት ላይ ሲደርስ (በብዙ ቶዮታዎች 40 ዲግሪ ገደማ ነው) ብሎኑ ይፈታል። ዘይቱ በቀጭኑ ጠብ ጠብ ካለ ልኩ ደርሷል። ይህ የሙቀት መለኪያ መሣሪያና የተስተካከለ ማንሻ ይፈልጋልና እቤት እንድትሞክሩት አንመክርም። መሥራት የሚገባንን ማወቅ እንደሚያስፈልግ ሁሉ የማይገባንንም ማወቅ ያስፈልጋል።

ልኩን ካየን በኋላ መልኩን እንይ። እኛ የቡና አገር ሰዎች ነንና በዚህ ማንም አይበልጠንም። አዲስ የካምቢዮ ዘይት በአብዛኛው እንደ በሰለ ቡና ፍሬ ቀይ ነው። ብዙ ከሠራ በኋላ ወደ ቡናማነት ይሄዳል፤ ልክ ምጣድ ላይ እንደ ዋለ ቡና ማለት ነው። ይህ የመለወጫው ጊዜ መድረሱን ያመለክታል እንጂ ገና አያስደነግጥም። ጠቁሮ እንደ አረረ ቡና ከሸተተ ግን ሸራዎቹ እየነደዱ ነው። ወተት እንደ ገባበት ቡና ደፍርሶ ከታየ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ይህም ብዙውን ጊዜ የራዲያቶሩ ውስጥ ማቀዝቀዣ ተቀድዶ ነው፤ መኪናው ከዚያ ወዲያ አንድ እርምጃ እንኳ መነዳት የለበትም። ጠብታውን በነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ፣ በጣታችሁ አሽታችሁ፣ አሽትቱት። አሸዋ የሚመስል ነገር በጣት ከተሰማ ብረት እየተፈጨ ነው። እናቶቻችን ቡናው የሚነሣበትን ደቂቃ በሽታ ብቻ ያውቃሉ። ይህ ዕውቀት በቤታችን ሳለ የመኪናችንን ሽታ ሳንለይ መቅረታችን ያሳፍራል።

ቀጥሎ የዘይቱ ዐይነት ነው። «አውቶማቲክ ዘይት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጣሳ ሁሉ አንድ አይደለም። ለምሳሌ በቶዮታ አሮጌዎቹ «ቲ-አራት» የሚባለውን ይጠይቃሉ፤ ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ የተሠሩት ብዙዎቹ «ደብልዩ ኤስ» የሚባለውን ይጠይቃሉ። ይህኛው ቀጠን ያለ ነውና አንዱ የሌላው ምትክ አይሆንም። በአገራችን በብዛት የሚታየው ቪትዝ ደግሞ ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ በጃፓን ከተሠሩት ብዙዎቹ ሲቪቲ የሚባል ካምቢዮ አላቸው። ይህ ማርሽ በማርሽ የሚለወጥ ሳይሆን በሁለት ፑሌዎች መካከል የሚዞር የብረት ቀበቶ ነው፤ ዘይቱም የራሱ ብቻ ነው። ተራውን የአውቶማቲክ ዘይት የጨመረበት ሰው ቀበቶውን ያበላሻል። መኪኖቻችን ከጃፓንና ከዐረብ አገር ስለሚመጡ መመሪያ መጽሐፋቸው በጃፓንኛ ወይም በዐረብኛ ይሆናል፤ ጭራሹንም ይጠፋል። ቢሆንም የካምቢዮውን ዘንግ ጽሕፈትና የመኪናውን ሞዴል ቁጥር ጽፎ የሚጠይቅ ሰው መልስ አያጣም። ሳያውቁ ከመጨመር ሳይጨምሩ መዋል ይሻላል።

አሁን ወደ መለወጡ እንለፍ። የሚያስፈልገው ክሪክ፣ ሁለት ጠንካራ ካቫሌቶ፣ የጎማ ታኮ፣ የብሎን መፍቻ፣ ሰፊ ሳፋ፣ ልኩ የተጻፈበት የፕላስቲክ ዕቃ፣ ኢምቡቶ፣ ንጹሕ ጨርቅና ትክክለኛው ዘይት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ነገር እናሳስባለን። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ ማቆያ አይደለም። የተደራረበ ድንጋይም ካቫሌቶ አይሆንም፤ በእኛ አገር ዝናብ የራሰ መሬት ላይ ደግሞ ከካቫሌቶው ሥር ወፍራም ሳንቃ መነጠፍ አለበት። ዘይት ቢቀር መኪና ይጎዳል፤ ይህ ትእዛዝ ቢቀር ግን ሰው ይሞታል።

ዘይቱ ለብ ሲል እንጂ ሲፋጅ አይፈታም። የማፍሰሻውን ብሎን ከመፍታታችን በፊት የመሙያው ቀዳዳ የሚከፈት መሆኑን እናረጋግጥ፤ አፍስሶ መሙላት ያቃተው ሰው መኪናውን ከቤቱ ማውጣት አይችልም። የምንፈታው የካምቢዮውን ብሎን እንጂ የሞተሩን አለመሆኑንም ሁለት ጊዜ እንይ። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሆኑ አንዱን ለሌላው የፈቱ አያሌ ሰዎች አሉ። የሚወጣው ዘይት ቀይ ወይም ቡናማ ከሆነ የካምቢዮ ነው፤ እንደ ሞተር ዘይት የጠቆረ ከሆነ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ነው።

ፈስሶ ካለቀ በኋላ የወጣውን በልክ ዕቃ እንለካለን። ይህ የሥራው ሁሉ ቁልፍ ነው፤ የወጣውን ያህል ይገባልና። ኮፓውን ለመክፈት የፈለገ ሰው ከውስጡ ትንንሽ ማግኔቶች ያገኛል። በላያቸው ግራጫ ጭቃ የመሰለ ደቃቅ ብረት ቢኖር የዕድሜ ነገር ነው፤ ጠርጎ መመለስ ነው። ስንጥር ብረት ከተገኘ ግን ወደ መካኒክ መሄድ ነው። ፊልትሮውን አይቶ፣ ጓርኒሲዮኑን በአዲስ ለውጦ፣ ብሎኖቹን በመስቀል ቅደም ተከተል በቀስታ ማጥበቅ ይገባል። ትንንሾች ናቸውና ጉልበት ያሳየ ሰው ይሰብራቸዋል። ከዚያ የወጣውን ያህል አዲስ ዘይት ሞልተን፣ ሞተሩን አስነሥተን፣ ማርሹን ሁሉ አሳልፈን፣ ጥቂት ነድተን፣ ቀድሞ በተናገርነው ሥርዐት ልኩን እንመረምራለን።

ጓደኞቻችን የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ። «አንድ ጊዜ ስንለውጥ አሮጌው ዘይት ሁሉ ይወጣል ወይ?» መልሱ አይወጣም ነው፤ ብዙው በኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራልና። ሒሳቡን ባንድነት እናስላው። ካምቢዮው በጠቅላላው 7 ሊትር ይይዛል፣ ባንድ ጊዜ የሚፈስሰው ደግሞ 3 ሊትር ነው እንበል። በመጀመሪያው ለውጥ ከመቶ 43 እጁ አዲስ ይሆናል። ጥቂት ተነድቶ ሁለተኛ ሲለወጥ ከመቶ 67፣ ሦስተኛ ሲለወጥ ከመቶ 81 እጁ አዲስ ይሆናል። አራተኛው የሚጨምረው ጥቂት ስለሆነ ብዙ ሰው በሁለት ወይም በሦስት ይበቃዋል። በየለውጡ መካከል ጥቂት ሳምንት ቢቆይ ገንዘቡም ባንድ ጊዜ አይከብድም።

ስለ ጊዜው ሁለት ወሬ ይነገራል፤ ሁለቱም ሰውን ያሳስታሉ። አንደኛው «የካምቢዮ ዘይት የዕድሜ ልክ ነው፤ አይለወጥም» የሚለው ነው። አንዳንድ የመኪና ሠሪዎች ይህን ጽፈዋል። ነገር ግን ዜድ ኤፍ የተባለው የጀርመን ካምቢዮ ሠሪ ኩባንያ ራሱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲለወጥ ይመክራል። ዳገት፣ ከባድ ጭነት፣ አቧራና ሙቀት ባለበት ደግሞ ጊዜው ማጠር አለበት። ሁለተኛው ወሬ «ያረጀ ካምቢዮ ዘይቱ ከተለወጠ ይሞታል» የሚለው ነው። ይህ የሚመጣው ብዙ ሰው ዘይት ለመለወጥ የሚያስበው ካምቢዮው ማንሸራተት ከጀመረ በኋላ ስለሆነ ነው። ሸራው የነደደ ካምቢዮ በአዲስ ዘይት አይድንም፤ በአሮጌውም አይድንም። በሽተኛው ከሐኪም ቤት ሲወጣ ቢሞት ገዳዩ ሐኪሙ ነው አይባልም። በብርቱ ግፊት የሚያጥብ መሣሪያ ግን ለዓመታት ያልተነካውን ዝቃጭ ቀስቅሶ ቀጫጭኑን የዘይት መንገድ ሊደፍን ይችላል። ስለዚህ ለአሮጌ መኪና አፍስሶ መሙላቱ የተሻለ ነው።

ይህ ነገር ለካፋ ሰው ከሌላው ይልቅ ለምን እንደሚያስፈልግ እንናገር። አገራችን ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ ዝናቡም ብዙ ወር አይለያትም። ካምቢዮ በሜዳ ላይ የሚሠራውና የጎጀብን ዳገት ሲወጣ የሚሠራው አንድ አይደለም። ሞተሩ ሲጮህና ጎማው ቀስ ሲል የኃይሉ ልዩነት በኮንቨርተሩ ውስጥ ሙቀት ይሆናል። የዘይት ጠበብት ደንብ ደግሞ ዘይት ከመጠን በላይ ከሞቀ በኋላ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ይላል። ስለዚህ ዳገት ሲወጣ በዝቅተኛ ማርሽ መውጣት፣ ቁልቁለት ሲወርድም በኤል ወይም በ2 መውረድ እንጂ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በኤን መልቀቅ አይገባም። በኤን የወረደ ሰው የሞተሩን መያዣነት ያጣል፤ ፍሬኑንም ያነድዳል። ጭቃ ውስጥ የተያዘ መኪናም ጎማውን በማሽከርከር አይወጣም፤ ከዚያ ትግል የሚተርፈው የፈላ ዘይት ነው። ወርዶ ቅጠልና ድንጋይ ማንጠፍ ይሻላል።

ሌላም ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በኤሌክትሪክ የሚሄዱት እንዲህ ያለ ባለ ብዙ ማርሽ ካምቢዮ የላቸውም። ነገር ግን ጋሼን የመሰለ ሰው ያለችውን አሮጌ መኪና ነገ በአዲስ አይለውጣትም። ያለውን ጠብቆ ማቆየት የድኻ አገር ሰው ዋና ጥበብ ነው።

ስለ ወጣው አሮጌ ዘይት አንድ ቃል እንጨምር። የካፋ ጫካ በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ዱር በቀል ቡናችን የሚበቅልበት ይህ ጫካ የምንጮቻችንም መነሻ ነው። ሦስት ሊትር አሮጌ ዘይት ቦይ ውስጥ የደፋ ሰው ከታች ላለው ጎረቤቱ መርዝ ልኮለታል። በክዳን በሚገጠም ጀሪካን አስቀምጦ አሮጌ ዘይት በበርሜል ለሚያጠራቅም ጋራዥ መስጠት ነው። ከምግብ ዘይት ጀሪካን ጋር እንዳይምታታ ምልክት ይጻፍበት፤ ከልጆችም ይራቅ።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላል የአገራችን ሰው። እኛ ግን ተምረን እየጠመጠምን፣ ዐይናችን ሥር የተሠራውን ስሕተት ሳናይ ቀረን። ዘንጉን የመዘዘው ልጅ ጥፋት ነበረበት፤ አናመካኝም፣ ስሙንም አናነሣም። እርሱ ያስተማረው ሰው አልነበረም ይሆናል። እኛ ግን የሚያስተምሩን ብዙ ናቸው፤ ወደ ኮፋኖው ለመጎንበስ የናቅነው እጃችን እንዳይቆሽሽ ነው። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን ሲንቅ የኖረው የቆየ ልማድ በእኛ ላይ የዩኒቨርስቲ ልብስ ለብሶ መጥቷል። ይህን ልማድ በንግግር ብቻ የምንሽረው አይደለም፤ በእጃችን ነው።

ስለዚህ ለማኅበሩ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፈቃደኛ የሆንን ተማሪዎች በተራ እየሆንን፣ በአካባቢያችን ላሉ ባለ መኪኖች የካምቢዮና የሞተር ዘይት በነጻ እንመርምር። ዘይት አንሸጥም፣ ካምቢዮ አንፈታም። ሁለቱን ዘንጎች ለይተን እናሳያለን፣ ልኩንና መልኩን በወረቀት ጽፈን ለባለቤቱ እንሰጣለን፣ የሚያስፈልገውን የዘይት ስም እንነግራለን። ሙያ ያላቸው የቦንጋ መካኒኮችም መጥተው እንዲያስተምሩን እንለምናቸው፤ እነርሱ በዚህ ነገር መምህሮቻችን ናቸው።

የመጀመሪያውን ምርመራ ደካ ሄደን አድርገናል። ጋሼ ሌላ አሮጌ ካምቢዮ ገዝተው አስገጥመዋል። ኮፋኖውን ራሳቸው ከፈቱልን። የካምቢዮውን ዘንግ እጀታ ቀይ ቀለም ቀብተውት አገኘነው። ዘይቱ ልኩ ላይ ነበር፤ መልኩም እንደ በሰለ ቡና ፍሬ ነበር። እትዬም ድነው ቡና አፍልተው ጠበቁን።